ወጭቱ የማን ነው?

(ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞችና ለፓርቲ አባላት ከተደረገ ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን አመሻችሁ።

«ለፓርቲ መታመንና ለሀገር መታመን ሲጋጩ የቱ ይበልጣል?» በሚል ርእስ እንድናገር ከጠየቃችሁኝ ጀምሮ አንድ የወረዳ አዳራሽ ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ግድግዳው ላይ የዕቅድ አፈጻጸም ሠንጠረዥ የተለጠፈበት፣ በአግዳሚ ወንበር የተሞላ አዳራሽ ነው። ወሩ ሰኔ ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። እኔ የወረዳው የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። የድርጅት አባልም ነኝ።

በዓመቱ ውስጥ 12 የውኃ ተቋማት ተሠርተው አገልግሎት እየሰጡ ነው የሚል ሪፖርት ወደ ዞን ሊላክ ተዘጋጅቷል። ከመላኩ በፊት አንድ ባልደረባዬ፣ የውኃ ባለሙያ ነው፣ በእግሩ ዞሮ ሁሉንም አያቸው። ሰባቱ ውኃ ይሰጣሉ። አምስቱ አይሰጡም። የአንዱ ፓምፕ ተሰብሯል፣ ሁለቱ ነጥፈዋል፣ ሁለቱ ደግሞ ጭራሹኑ አላለቁም። እሱም «ሰባት» ብሎ ጻፈ።

ግምገማው ከጠዋት እስከ ማታ ፈጀ። በዚያ ሁሉ ሰዓት ስለ ተሰበረው ፓምፕ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። «የድርጅቱን ገጽታ አጠልሽቷል» ተባለ። «ለተቃዋሚ መሣሪያ አቀብሏል» ተባለ። «የአመለካከት ችግር አለበት» ተባለ። በመጨረሻ ሰብሳቢው ጣቱን ቀስሮ «አንተ የበላህበትን ወጭት ሰባሪ ነህ!» አለው።

ባልደረባዬ ቀስ ብሎ ተነሣ። «ወጭቱ የማን ነው?» አለ። «እኔ የምበላው፣ ውኃ ፍለጋ ሁለት ሰዓት የሚሄዱት እናት ከከፈሉት የመሬት ግብር ነው።» ይህን ብሎ ተቀመጠ።

ማስጠንቀቂያ ይሰጠው የሚል ሐሳብ ቀረበ። የምትደግፉ እጅ አውጡ ተባለ። እጄን አወጣሁ።

ዛሬ እዚህ ቆሜ የምናገረው ከዚያ እጄ ጋር እየተሟገትኩ ስለሆነ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ወጭት ሰባሪ የሚለውን ስድብ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ወጭት ወጥ የሚቀርብበት የሸክላ ዕቃ ነው። በትልቅ ቤት ያደገ ሎሌ የጌታውን እንጀራ በልቶ ጌታውን ቢከዳ ከዚያ የከፋ ነውር አልነበረም። በዚያ ሥርዓት ውስጥ እውነተኛ ክብር እንደነበረ አልክድም፤ ለጌታቸው ቃል ሲሉ የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ያን ጊዜም የጌታው ወጭት በራሱ አይሞላም። ጤፉን ያመጣው ገባሩ ነው፤ ማሩንም፣ በጉንም ያመጣው ገባሩ ነው። ሎሌው ግን የሚያየው የሚያጎርሰውን እጅ ስለሆነ፣ ምስጋናውም ታማኝነቱም እዚያች እጅ ላይ ያልቃል። ከእጁ ጀርባ ያለው ገበሬ አይታየውም።

ፓርቲዎቻችን ይህንን የጌታና የሎሌ ሥርዓት ወርሰውታል ባይ ነኝ። የአባልነት ፎርም የሞላ ሰው ሥልጠና ይላካል፣ ዕድገት ያገኛል፣ ለብድርና ለቦታ ይታጫል። ይህ ሁሉ የሚወጣው ከሕዝብ ካዝና ነው። የደረሰው ግን በፓርቲው እጅ ስለሆነ «ድርጅቱ ነው ሰው ያደረገኝ» ይላል፤ ከልቡ ነው የሚለው። እኔም ብዬዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ፓርቲውን መተቸት ውለታ ቢስነት፣ ውለታ ቢስነት ደግሞ ክህደት ይሆንበታል። ሀገር የሚለው ቃል እዚህ ሰንሰለት ውስጥ የት ላይ እንደጠፋ ሰውየው ራሱ አያውቅም።

ሕጋችን ግን ያውቃል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 4፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን ይናገርና የሚገዙላቸውን ሦስት ይቆጥራል፦ ሕገ መንግሥቱ፣ ሕዝቡና ሕሊናቸው። ፓርቲ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ረስተውት አይመስለኝም። ሰነዱ ሲጸድቅ ወንበሩን የያዙት የፓርቲ ሰዎች ነበሩ፤ መንግሥት የሚያቋቁመው ብዙ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ እንደሆነም ያው ሰነድ ከሁለት አንቀጽ በኋላ፣ በአንቀጽ 56 ይደነግጋል። ስለዚህ ፓርቲ መንግሥት ይመሠርታል፤ ተወካዩ ግን የፓርቲው ሎሌ አይደለም። በወረቀት ላይ እንዲህ ጥርት ያለ ነገር አለን።

ወደ ኋላ ልመለስና ከአብዮቱ ዘመን ትውልድ፣ ከሁለቱ የግራ ፓርቲዎቹ ልጀምር። መኢሶን (የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ) በ1960 ዓ.ም. ሃምቡርግ ላይ፣ ኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ) በ1964 ዓ.ም. በርሊን ላይ ተመሠረቱ። መሥራቾቻቸው በአንድ የተማሪ እንቅስቃሴ ያደጉ፣ «መሬት ላራሹ» እያሉ በአንድ ድምፅ የጮኹ ልጆች ነበሩ። አብዮቱ ሲፈነዳ የለያያቸው ጥያቄ ከደርግ ጋር ምን እናድርግ የሚል ነው። መኢሶን «ሂሳዊ ድጋፍ» ሰጥቼ ከውስጥ እገፋዋለሁ አለ። ኢሕአፓ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት» አሁኑኑ አለ። ሁለቱም የሚከበር መከራከሪያ ነበራቸው። ሀገሪቱን የማይወድ ሰው በሁለቱም ወገን አላውቅም፤ በዚያ ዘመን ልጅ የነበርኩ ሰው ነኝ፣ ታላላቆቼን አይቻለሁ።

ታዲያ እንዲህ ሀገር የሚወዱ ልጆች እንዴት መንገድ ላይ ተገዳደሉ? መልሱ «መስመር» በምትባል ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ትክክለኛው መስመር የኛ ነው፤ መስመሩ ከሌለ ሀገር የለችም፤ ስለዚህ መስመሩን የነካ ሀገር ነካ። እንዲህ እያለ ፓርቲው ቀስ በቀስ የሀገርን ወንበር ይወስዳል። ከዚያ ወዲያ የሌላ ፓርቲ አባል ጠላት ነው፤ የራስ ፓርቲ ውስጥ የተለየ ሐሳብ ያለው ደግሞ «አንጃ» ነው፣ ከጠላት የከፋ። ከኢሕአፓ መሪዎች አንዱ የነበረው ጌታቸው ማሩ የከተማውን የትጥቅ ትግል በመቃወሙ በገዛ ድርጅቱ ሰዎች እጅ ሞተ። መኢሶንም በደርግ ጥላ ሥር ሆኖ የኢሕአፓ ልጆች ሲታደኑ ከአዳኞቹ ጎን ነበር፤ ነሐሴ 1969 ዓ.ም. ተራው ደርሶት ኅቡእ ገባ፣ መሪው ኃይሌ ፊዳም ተይዞ በደርግ ተገደለ። ይህ ሁሉ ሲሆን የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን አልፎ ወደ ጅጅጋ እየገፋ ነበር። በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነ ገበሬ በምሥራቅ ለሀገሩ ይሞታል፤ በአዲስ አበባ የተማረው ልጅ በመስመር ይሞታል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ጉሮሮዬ ይደርቃል።

ደርግ ራሱስ? «ኢትዮጵያ ትቅደም» ብሎ ነው የመጣው። ከዚህ የበለጠ ሀገርን ከፓርቲ የሚያስቀድም መፈክር አይገኝም። ግን መፈክሩን ያነገበው አካል ሀገሪቱ እኔ ነኝ ሲል፣ «ትቅደም» ማለት «እኔ ልቅደም» ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በዘመን መለወጫው ዕለት፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ የወሎን ረኀብ የቀረጸበት ነበር፤ የተራቡት ሰዎች ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እየተፈራረቀ ቀረበ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ደርግ ለሕዝቡ ያቀረበው ክስ ግልጽ ነበር፦ እነዚህ ሰዎች ለክብራቸው ሲሉ ረኀብ ደበቁ። ክሱ እውነት ነበረው።

ልክ 10 ዓመት ቆየ። መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የደርግ ፓርቲ የሆነው የኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ምሥረታ አንድ ላይ ተከበሩ። ከተማው በቅስትና በቀይ ባንዲራ አሸበረቀ፣ ሐውልት ተመረቀ፣ ሰልፉን ለወራት የተለማመደ ሕዝብ በአደባባዩ አለፈ፣ ከወዳጅ አገሮች እንግዶች መጡ። በዚያው ሳምንት ወሎና ትግራይ ውስጥ ሰው እያለቀ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን አደጋው እንደሚመጣ ገና በ1976 ዓ.ም. አጋማሽ ለለጋሾች አስታውቋል። ለጋሾቹም ዘገዩ፤ ይህን አልሸፋፍንም። በሰሜን ያለው ጦርነትም ረኀቡን አባብሶታል። ነገር ግን በሀገር ቤት ወሬው የታፈነው፣ የውጭ ጋዜጠኛም ወደ ሰሜን እንዳይሄድ የተከለከለው በዓሉ እንዳይበላሽ ነው። በዓሉ ካለፈ ከወር በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ ቢቢሲ ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡትን ዘገባ አሳየ። ዓለም ሁሉ ያየውን እኛ በቤታችን ያየነው ዘግይተን ነው። በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ሕዝብ አልቋል።

ያኔ በዓሉን ካዘጋጁት ሰዎች ብዙዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንዳንዶቹን በኋላ አውቄአቸዋለሁ፤ ደግ አባቶች፣ ጥሩ ጎረቤቶች ናቸው። ከመካከላቸው የወሎ ተወላጆች ነበሩ። «ጉባኤው ይለፍ፣ ከዚያ እንናገራለን» ነው ያሉት። አያችሁ፣ ለፓርቲ መታመን ሰውን በአንድ ጊዜ ጨካኝ አያደርገውም። መጀመሪያ የሚወስድበት ዓይኑን ነው። ያየኸውን ለጊዜው አላየሁም በል ይለዋል፤ ለጊዜው ብቻ። የኛ ወረዳ አምስት ደረቅ የውኃ ተቋማትና የኮረም ሜዳ በመጠን አይገናኙም፤ በአሠራር ግን አንድ ናቸው። እኔም ያን ቀን ለራሴ ያልኩት «ሪፖርቱ ይሂድ፣ በሚቀጥለው ዓመት ይጠገናሉ» ነው።

በእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽኑ ራስ ላይ የነበሩት ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ የኢሠፓ ማዕከላዊ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። በአንድ እጃቸው የረሀብተኛውን ቁጥር፣ በሌላው የፓርቲውን ደብተር ይዘው ነው የሠሩት። በመጨረሻ ሀገር ጥለው ወጡ። ስለ እሳቸው የተለያየ አስተያየት እንዳለ አውቃለሁ፤ ዛሬ ልዳኛቸው አልመጣሁም። እኔን የሚያሳስበኝ ወንበሩ ነው። የተራበን ሰው እንዲቆጥር የተቀመጠ ሰው የበዓሉ አሳላፊም እንዲሆን ከተደረገ፣ ከሁለቱ አንዱን መክዳቱ የማይቀር ነው።

ስለ ጦር ሠራዊት ባጭሩ። የደርግ ሠራዊት በአፍሪካ ከታላላቆቹ አንዱ ነበር፤ ከአዛዡ ጎን የፓርቲ ኮሚሳር ተቀምጦበታል። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. የፓርቲው መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሀገር ለቅቀው ሄዱ፤ ከሳምንት በኋላ ሠራዊት የሚባል ነገር አልነበረም። በሶማሊያው ጦርነት ካራማራ ላይ ለሀገሩ የቆሰለ ወታደር ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ አድርጎ አዲስ አበባ መንገድ ዳር ሲለምን በዓይኔ አይቻለሁ። እሱ ለፓርቲው አልቆሰለም። የፓርቲው ስም ስለተለጠፈበት ግን ፓርቲው ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 87 መከላከያው ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ ሥራውን ይሥራ ያለው ይህ ከሆነ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ያ አንቀጽ በዚያ ወታደር ቁስል የተጻፈ ይመስለኛል።

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደምታስታውሱት ዘመን ልምጣ። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ገዢው ግንባር ኢሕአዴግና አጋሮቹ የምክር ቤቱን መቀመጫ በሙሉ ያዙ። ከዚያም በፊት ለዓመታት የዜናው አረፍተ ነገር አንድ ነበር፦ «ምክር ቤቱ አዋጁን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ»። አንቀጽ 54 በመጽሐፍ ተቀምጧል፤ የሚያነቃው አልነበረም።

የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ከሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ፤ በማግሥቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ እንዲጸና የምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገዋል። አባላቱ 539 ነበሩ፤ ስለዚህ 360 እጅ መውጣት አለበት። የካቲት 23 ቀን ድምፅ ተሰጠ። 88 አባላት ተቃወሙ፣ 7 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። የድጋፉ ቁጥር መጀመሪያ 346 ተብሎ ተነገረ፤ ከ360 በታች ነው። ቆይቶ 395 ነው ተብሎ ታረመ።

ቁጥሩ እንዴት እንደታረመ የተባለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ሕዝቡም የመሰለውን ብሏል። እኔ የምቆመው 88ቱ እጆች ላይ ነው። ያን ዕለት ማታ ዜናውን ስሰማ ተነሥቼ ቆምኩ። የኔ እጅ በዚያ የወረዳ አዳራሽ ያላደረገውን እነዚህ እጆች አደረጉት፣ ብዬ አለቀስኩ። የገዛ ግንባራቸው መንግሥት ያወጀውን አዋጅ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ በካሜራ ፊት ተቃወሙ።

በኋላ ግን ስሜቴ ሲበርድ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ከ88ቱ አብዛኞቹ የኦሕዴድ፣ በግንባሩ ውስጥ የነበረው የኦሮሞ ድርጅት፣ ሰዎች ነበሩ፤ የድርጅታቸው አመራር በዚያን ጊዜ አዋጁን እንደማይወደው የታወቀ ነው። እንግዲያው የተነሡት ለሕሊናቸው ነው ወይስ ከአንድ የፓርቲ ትእዛዝ ወደ ሌላ የፓርቲ ትእዛዝ ዞረው ነው? ይህን ጥያቄ ያነሣሁባቸው ወዳጆቼ ተቆጥተውኛል። መልሴ አሁን እንዲህ ነው። የመረጣቸው ሕዝብ ለሦስት ዓመት አደባባይ ላይ ሞቷል፤ እሱን ሰምተው ከሆነ አንቀጽ 54 «ለሕዝቡ» ያለውን ፈጽመዋል፣ ክብር ይገባቸዋል። የሕሊናው ፈተና ግን ያን ቀን አላለቀም። የሌሎች ሰዎች መንግሥት ሲያጠፋ የወጣው እጅ፣ የራስ ሰዎች መንግሥት ሲያጠፋም ይወጣል ወይ? አዋጁ ግንቦት 28 ቀን ከጊዜው በፊት ተነሣ። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ በዚያ አዳራሽ ውስጥ አለ፤ እዚህ የተቀመጣችሁ የፓርቲ አባላት ሁሉ፣ የገዢውም የተፎካካሪውም፣ ለራሳችሁ እንድትመልሱት እለምናችኋለሁ።

በ2012 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ፈርሶ ብልጽግና ሲመሠረት፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ሰሞን የአባልነት ደብተሩን ቀየረ። የግንባሩ አባል የነበረው የትግራዩ ሕወሓት አልገባም አለ። ከዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 2013 ዓ.ም.፣ በአንድ ግንባር 30 ዓመት ገደማ አብረው ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች በጦር ሜዳ ተገናኙ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. እስኪፈረም ድረስ ሁለት ዓመት። በዚህ አዳራሽ በዚያ ጦርነት ልጅ ያላጣ ወይም ልጅ ያጣ ዘመድ የሌለው ሰው ስንት ነው? ስለ ምክንያቱ ዛሬ አንከራከር። እኔን ያቃጠለኝ ጦርነቱ ሲጀመር በአንድ ሌሊት ቃላቱ ሁሉ ተዘጋጅተው መገኘታቸው ነው።

በተለይ «ባንዳ» የሚለው ቃል። ባንዳ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ለጣሊያን አድሮ ወገኑን የወጋ ሰው ነው። አያቶቻችን ይህን ቃል በዋዛ አይናገሩትም ነበር፤ ዘር የሚያሰድብ ቃል ነው። ዛሬ በፓርቲ ውሳኔ ያልተስማማ ሁሉ ባንዳ ነው። በጀት ላይ ጥያቄ ያነሣ ባንዳ ነው። አንድ ቃል ለሁሉም ሰው ከተሰጠ፣ እውነተኛው ባንዳ በመካከላችን ቢቆም በምን ስም እንጠራዋለን?

ከፊታችሁ አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ፓርቲ ይጥፋ ነው የምትለው?» እንደምትሉኝ ይታየኛል። አይደለም። ያለ ፓርቲ ሕዝብ የሚመርጠው የግለሰብ መልክ ብቻ ነው። ፕሮግራም ይዞ የተመረጠ ሰው በየድምፁ እንደ ልቡ ቢሄድ የመረጠውን ሕዝብ ያታልላል። መንገዱ በዚህ ይሁን በዚያ፣ ግብሩ ይህን ያህል ይሁን ያን ያህል በሚል ጉዳይ ውስጥ ገብቼ ተከራክሬ ከተሸነፍኩ፣ ወጥቼ የብዙኃኑን ውሳኔ ብደግፍ ነውር የለውም፤ ጨዋነት ነው። ፓርቲዬ ጊዜዬን ቢጠይቀኝ እሰጠዋለሁ። ድምፄን ቢጠይቀኝ አብዛኛውን ጊዜ እሰጠዋለሁ። የውስጥ ክርክራችንን ገበያ አታውጣው ቢለኝ አላወጣውም። ያየሁትን አላየሁም እንድል፣ የሞተውን አልሞተም፣ የደረቀውን ምንጭ ይፈስሳል እንድል ከጠየቀኝ ግን የጠየቀኝ የኔን አይደለም። ያ ዓይን ሀገሬ በደሞዝ የቀጠረችው ዓይን ነው።

ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ፓርቲውን ጥሎ የወጣ ሁሉ ለሀገሩ ብሎ አልወጣም። ሹመት ሲነሣ ሀገሩ ትዝ ያለው ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ ከሥልጣን በወረደ በወሩ የሚጽፈውን በሥልጣን ላይ ሳለ ከነማስረጃው ያውቀው ነበር። እንዲህ ያለው ሰው እውነት ቢናገር እንኳ እውነቱን እቀበላለሁ፣ ታማኝነቱን ግን አልመዘግብለትም። የኔ መለኪያ ወንበር ነው። የሚያጣው ነገር በእጁ ሳለ ተናገረ ወይ?

በዚህ መለኪያ አንድ ሰው ልጥቀስ። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፌዴራል ዳኛ ሳሉ፣ ከገዢው ፓርቲ ክፍፍል በኋላ የታሰሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ የሳቸው ወገን አልነበሩም፤ ትእዛዙ ለወዳጅ የተደረገ ውለታ አይደለም። ሕጉ ዋስትና ይፈቅዳል፣ ስለዚህ ፈቀዱ። ሰውየው ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ ዳግመኛ ተያዙ። ብርቱካን በኋላ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ሆኑ፣ ሁለት ጊዜ ታሰሩ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ፤ የትናንት ጓዶቻቸውንም ተቀናቃኞቻቸውንም በአንድ ደንብ መመዝገብ ነበረባቸው። በቦርዱ ሥራ ላይ የሚቀርብ ትችት ይኖራል። ያ የዋስትና ትእዛዝ ግን፣ ማንም ሊከፍላቸው የማይችል በነበረበት ሰዓት የተሰጠ ስለሆነ፣ ለኔ ከብዙ ንግግር ይበልጥብኛል።

ስለ ባልደረባዬ ልጨርስላችሁ። ከዚያ ግምገማ በኋላ ወደ ሩቅ ወረዳ ተዛወረ፤ ቆይቶም ሥራውን ለቀቀ። በስልክ እንኳ አልጠየቅኩትም። ምን ብዬ? ከብዙ ዓመት በኋላ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ተገናኘን። ፀጉሩ ሸብቷል። ቡና ልጋብዝህ አልኩት፤ እሺ አለኝ፣ ቁጭ አልን። ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል እየፈለግሁ ስንተባተብ ዝም ብሎ አየኝና፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት የተረፈውን አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«አምስቱ ተጠገኑ?»

ሦስቱ ተጠግነዋል አልኩት። ስለ ሁለቱ አላውቅም።